በቀኝ በኩል፣ ከታች

ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ከሳጥኑ ሆድ ውስጥ፣ ቀጭን ሽታ ወጣ።
“የላስቲክ ነው” አልኩኝ፤ ራሴን ሸነገልኩ፤
የውርስ ክስ ነበር፣ ገጽ አራት ላይ ነበርኩ፣
የአቶ ይርዳው ጉዳይ፣ ለልደታው ችሎት፣
ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቀጠሮ ያለበት።

ሸምሱ መጣ ሮጦ፣ ከአምባሳደር ጀርባ፣
ብሎኑን ባፉ ይዞ፣ እጁን ሆዱ ውስጥ አገባ።
“ማዘርቦርዱ ነዷል” አለኝ ቀስ ብሎ፣
የእናት መርዶ እንዳለበት፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ።
ሌላ አመጣ፣ ያገለገለ፤ ከማን ቤት እንደወጣ እንጃ፣
ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ማስረጃ።

ገጠመው። ማራገቢያው አጉረመረመና ዞረ፣
መነሻ ድምፁን አሰማ፣ ሁሉም እንደነበረ፤
ያው ኪቦርዴ፣ “ሀ”ው በጥፍሬ ተፍቆ የጠፋ፣
ያው የይርዳው ክስ፣ ከአራተኛው ገጽ ሳይጠብ ሳይሰፋ።

ግን በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ ሳሳ ያለ ጽሑፍ፣
መስታወት ላይ እንደ ትንፋሽ፣ ብጠርገው የማያልፍ።
“ዊንዶውስህን አንቃ” ይለኛል፣ በወንድ አንቀጽ አዞ፣
ሴት መሆኔን ረስቶ፣ ስምንት ዓመት ጣቴን ይዞ።
“ነቅቷል እኮ” አልኩት ሸምሱን፣ “ይኸው ያየኝ የለ?”
“ያይሻል፤ አያውቅሽም። ቦርዱ ከተቀየረ ሌላ ነሽ” አለ።

ሃያ አምስት ፊደል፣ ከሳጥኑ ጎን ላይ፣
ግማሹ የተላጠ፤ ቢ ይሁን ስምንት የማይለይ።
በባትሪ እያበራን፣ እሱ አንብቦ እኔ ጽፌ፣
አሥራ አንዴ “ልክ አይደለም” ሲለኝ፣ ምራቄ ደረቀ ካፌ።

ስልክ ደወልን። ሰው ያልሆነ ሰው፣ በፈረንጅ አፍ አናገረኝ፣
ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር፤ ዘጠኝ ክምር አስቆጠረኝ።
“በስንት ኮምፒውተር ተጭኗል?” አለ።
“ባንድ። አንድ ነው ያለኝ። ሌላው የት አለ?”
ዝም አለ። ካርዴም አለቀ።
ቸርችል ቁልቁለት ላይ፣ አንድ አውቶቡስ ፍሬን አስጮኸ፣ ራቀ።

ይህን ዝምታ የት ነው የማውቀው? አዎ፤ ባለፈው ዓመት፣
የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ፣ መታወቂያ ላወጣ የሄድኩ ዕለት፤
መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ ዓይኗን ከስክሪን ሳትነቅል፣
“የድሮ ወረዳሽ መሸኛ” ስትል።
“ወረዳው ራሱ ፈርሷል” አልኳት። “መሸኛ አምጪ” አለች፤
ጣቴን መስታወቱ ላይ አስጫነች፤ አሻራዬን አጣች።
ሃያ ዓመት የሰው አቤቱታ የመታ ጣት፣ ተልጦ ነው እንግዲህ፤
ስሜ ያው፣ ድምፄ ያው፣ የልጅነት ጠባሳዬም እዚህ።

“ፎርማት እናድርገው” አለ ሸምሱ፣ “ከባዶ እንጀምር፣
ክራኩን እኔ እጭናለሁ፣ በሁለት መቶ ብር።”
ባዶ! የግዕዙ ፎንትስ? ሲዲው ቀርቷል ከፍርስራሹ ሥር፤
ያለሱ የጻፍኩት ሁሉ፣ ሳይነበብ ነው የሚቀር፤
የቀለብ ክስ፣ የድንበር ክርክር፣ የጡረታ ማመልከቻ፣
ባለቤቱ የማያውቀው፣ ሳጥን ሳጥን ሳጥን ብቻ።

“ተወው፣ እንዳለ ይኑር” አልኩት።
ሲዘጋው አንድ ብሎን ተረፈችው፤ ኪሱ ሲከታት፣ አይቼ እንዳላየ አለፍኩት።

ሌሊቱን ጻፍኩ። የስክሪኑ ሥዕል ጠፍቶ፣ ጥቁር ሆኗል፤
የልጄ የማኅደር ፎቶ ነበር፤ ልመልሰው ብል፣ “ፈቃድ የለም” ብሏል።
ያቺ ሳሳ ያለች ጽሑፍ፣ ልክ ፊርማ በሚያርፍበት፣
በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ “አመልካች” ከሚልበት፣
ገጹን ስገፋው አትገፋ፣
ባጠፋው አትጠፋ።

አቶ ይርዳው ባንድ ተኩል መጣ፣ ዣንጥላውን አንጠልጥሎ፤
ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘረጋው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
በቀኝ ጥጉ ምንም የለም። ነጭ ነው። ንጹሕ ነጭ።
“እጅሽ ይባረክ” አለ፤ ፈረመ፤ ወጣ ወደ ውጭ።

ወረቀት ላይ አትወጣም ለካ፤ እኔ ብቻ ነኝ የማያት።
ተመልሼ ብቀመጥ፣ ከቦታዋ አለች፤
“አንቃ” ትላለች።
ነቅቼ ነው ያደርኩት፣ አልኳት።